ኢንሱሊንና የእግር ጉዞ፤ በገዛ ደማቸው የመረመሩት ሐኪም

በጅግጅጋ በሐኪምነት ስሠራ የስኳር ሕመም ካለባቸው ሰዎች መካከል ሁለት ዓይነት ታካሚዎች ደጋግመው ይገጥሙኛል። የመጀመሪያዎቹ በየቀኑ በእግር መሄድ የጀመሩ፣ ጠዋትና ማታ የግመል ወተት የሚጠጡ፣ የደም ስኳራቸው ጥቂት ሲወርድ ደግሞ ድኛለሁ ብለው የኢንሱሊን መርፌያቸውን የተዉ ናቸው። ብዙ ሳይቆዩ አፋቸው ደርቆ፣ እያስመለሳቸው፣ ትንፋሻቸው እየፈጠነ በቤተሰብ ተደግፈው ይመጣሉ። ሁለተኛዎቹ መርፌያቸውን በሰዓቱ የሚወጉ ጥንቁቆች ናቸው። ነገር ግን እንቅስቃሴ አድርጉ ስለተባሉ ብቻ ቁርስ ሳይቀምሱ ወደ ካራማራ አቅጣጫ ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። መንገድ ላይ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ራሳቸውን ስተው በባጃጅ ተጭነው ይደርሳሉ።

ሁለቱም ወገኖች ሰነፎች አይደሉም። ሁለቱም ለጤናቸው የለፉ ናቸው። ያጡት ነገር ቢኖር ኢንሱሊንና እንቅስቃሴ በሰውነት ውስጥ ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር አረጋግቶ የሚያስረዳቸው ሰው ነው። ይህን ጉዳይ ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከገዛ ሰውነታቸው የተማሩ አንድ ሐኪም ነበሩ። ዛሬ የእኚህን ሰው ሕይወት ላጫውትዎ። ከታሪካቸው የሚያገኙት ትምህርት ነገ ጠዋት ጫማዎን አጥልቀው ከመውጣትዎ በፊት ይጠቅምዎታል።

ከስፖርት ሜዳ ወደ ሕክምና

ሮበርት ዳንኤል ሎረንስ እ.ኤ.አ. በ1892 በስኮትላንድ አበርዲን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ብሩሽ የሚያመርት ድርጅት ነበራቸው። ወጣቱ ሎረንስ በአበርዲን ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ የተማሩት ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ነበር። ከዚያ በግላስጎው በአጎታቸው የጨርቅ መደብር ሥራ ቢጀምሩም ንግዱ አልሆነላቸውም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትተውት ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለሱና ሕክምና መማር ጀመሩ። በትምህርታቸው ሜዳሊያ የሚሸለሙ፣ በሆኪና በሜዳ ቴኒስም ዩኒቨርሲቲውን ወክለው የሚጫወቱ ጠንካራ ተማሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1916 በማዕረግ ተመረቁ።

ጊዜው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስለነበር በእንግሊዝ ጦር የሕክምና ክፍል ገብተው በህንድ ጠረፍ አገለገሉ። እዚያ በተቅማጥ በሽታ ታመው እ.ኤ.አ. በ1919 ከጦሩ ተሰናበቱ። ከዚያም ለንደን በሚገኘው ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ተቀጥረው የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ቀዶ ሐኪም ለመሆን መሠልጠን ጀመሩ። እስከዚህ ድረስ ሕይወታቸው የማንኛውም ትጉ ወጣት ሐኪም ሕይወት ይመስላል።

አንድ ቀን እ.ኤ.አ. በ1920 ከጆሮ ጀርባ ያለውን አጥንት በመሮ የመክፈት ቀዶ ሕክምና በአስከሬን ላይ ሲለማመዱ ትንሽ የአጥንት ስንጣሪ ተፈናጥራ ዓይናቸው ውስጥ ገባች። ዓይናቸው አመረቀዘ። ለሕክምና በተኙበት ወቅት ሽንታቸው ሲመረመር ከፍተኛ ስኳር ተገኘበት። በአንድ ጊዜ ሁለት መርዶ ደረሳቸው። የዚያ ዓይናቸው ብርሃን ጠፋ፤ የስኳር ሕመምተኛ መሆናቸውም ታወቀ። ገና 28 ዓመት ገደማቸው ነበር።

የዛሬ አንባቢ ይህ ሁለተኛው መርዶ ምን ማለት እንደነበር ላይታየው ይችላል። በዚያ ዘመን ለስኳር ሕመም መድኃኒት አልነበረም። ሐኪሞች የሚያዙት ከረሃብ ብዙም ያልራቀ አመጋገብ ነበር። ዳቦ፣ ድንችና ጣፋጭ ነገር ይከለከላል፤ ምግብ በሚዛን ተለክቶ ይሰጣል። ይህ ሞትን ለጥቂት ወራት ወይም ለጥቂት ዓመታት ከማዘግየት በቀር አያድንም ነበር። ሎረንስ ሐኪም በመሆናቸው ይህን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። የቀዶ ሕክምና ምኞታቸውን ትተው ወደ ቤተ ሙከራ ሥራ ገቡ። ሕመሙ እየበረታ ሲሄድም ቤተሰባቸው ዓይን ሥር እየከሱ መሞትን አልፈለጉምና ወደ ኢጣሊያ ተጉዘው በፊሬንዜ ከተማ ተቀመጡ። እዚያ ለሚኖሩ እንግሊዛውያን ሕክምና እየሰጡ ቀናቸውን መጠበቅ ጀመሩ።

ከቶሮንቶ የመጣው ተስፋ

ሎረንስ በፊሬንዜ ሞትን ሲጠብቁ፣ በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት እ.ኤ.አ. በ1921 ከውሻ ቆሽት የስኳር መጠን የሚያወርድ ንጥረ ነገር ማውጣት ቻሉ። በጥር 1922 አንድ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። ይህ ንጥረ ነገር ኢንሱሊን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ላስተዋውቅዎ፤ ፔፕታይድ። ፕሮቲን የሚሠራው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ትናንሽ ቅንጣቶች ነው። እነዚህ ቅንጣቶች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በአጭር ክር ሲሰካኩ ፔፕታይድ ይባላሉ። ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ ሁለት ክሮች የተያያዙበት ፔፕታይድ ነው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ፍሬድሪክ ሳንገር የዶቃዎቹን ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ለይተው በማወቃቸው እ.ኤ.አ. በ1958 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ቆሽታችን የሚያመነጨው ሌላው ፔፕታይድ ግሉካጎን ይባላል። የዚህ ሥራ የኢንሱሊን ተቃራኒ ነው። ስኳር ሲያንስ ጉበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያዛል። የጤነኛ ሰው የደም ስኳር ተመጣጥኖ የሚቆየው እነዚህ ሁለት ፔፕታይዶች ተራ በተራ ስለሚሠሩ ነው።

ኢንሱሊን ፔፕታይድ መሆኑን ማወቅ ለምን ይጠቅምዎታል? በመርፌ እንጂ በአፍ የማይወሰድበትን ምክንያት ስለሚያስረዳዎት ነው። ጨጓራና አንጀት ፔፕታይድን እንደ ሥጋና እንደ ባቄላ ይፈጩታል። ክሩ ይበጠሳል፤ ዶቃው ይበተናል፤ ትእዛዙም አብሮ ይጠፋል።

የግመል ወተት ጉዳይም እዚህ ላይ ይነሣል። በጅግጅጋ፣ በቀብሪበያህ፣ በቶጎ ውጫሌና በሽንሌ አካባቢ የግመል ወተት የስኳር መድኃኒት ነው የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው፤ እምነቱም ከባዶ የመጣ አይደለም። በግመል ወተት ውስጥ ኢንሱሊንና ሌሎች ፔፕታይዶች አሉ። በህንድ ራጃስታን ግዛት ቢካኔር ከተማ የተደረጉ አነስተኛ ጥናቶችም የግመል ወተት የጠጡ ታካሚዎች የሚያስፈልጋቸው የኢንሱሊን መጠን እንደቀነሰ አሳይተዋል። ልብ ይበሉ፤ በአማካይ ቀነሰ እንጂ አልቀረም። እነዚያ ሰዎች መርፌያቸውን እየወሰዱ በሐኪም ይከታተሉ ነበር። ስለዚህ ወተቱን ይጠጡ፣ ከብሩሴሎሲስ ለመጠበቅ አፍልተው ይጠጡ፣ መርፌዎን ግን በእርሱ አይተኩ።

ሞት የቀደመበት የመሰለ ጉዞ

ወደ ሎረንስ እንመለስ። በ1922 መጨረሻና በ1923 መጀመሪያ ባለው ክረምት በብሮንካይት ታመሙና ስኳራቸው ከቁጥጥር ውጭ ሆነ። የእግራቸው ነርቮች ተጎድተው መራመድ አቃታቸው። ሰውነታቸው አለቀ። በዚህ ጊዜ በኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል የሚሠሩ የባዮኬሚስትሪ ባለሙያው ጓደኛቸው ሃሪሰን መልእክት ላኩባቸው። ኢንሱሊን መገኘቱን፣ መሥራቱን፣ በፍጥነት እንዲመለሱም ነገሯቸው።

ሎረንስ መኪናቸውን አስነሥተው አውሮፓን አቋርጠው ወደ ለንደን ጉዞ ጀመሩ። እግሩ በነርቭ ጉዳት ለሰነፈ፣ አንድ ዓይን ብቻ ለቀረው ሰው ይህ መንገድ ምን ያህል እንደሚረዝም መገመት አያዳግትም። ግንቦት 1923 ማብቂያ ላይ ለንደን ደረሱ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1923 የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ ተወጉ። የሞት ቀናቸውን ይቆጥሩ የነበሩት ሰው ከጥቂት ወራት ሕክምና በኋላ በዚያው ሆስፒታል ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከዚያች ቀን በኋላ ቀዶ ሕክምናውን ረስተው ሙሉ ሕይወታቸውን ለስኳር ሕመም ሰጡ።

ያኔ ኢንሱሊን የሚወጣው ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ነበር። በዚህ ምክንያት በእኛ አካባቢ አንዳንድ ታካሚዎች ዛሬም መርፌው የተፈቀደ ነው ወይ ብለው በቅንነት ይጠይቁኛል። ከ1982 ወዲህ ለገበያ የቀረበውና ዛሬ በስፋት የሚሰጠው የሰው ኢንሱሊን ከእንስሳ ቆሽት የሚወጣ አይደለም። በቤተ ሙከራ ባክቴሪያ ወይም እርሾ እንዲያመርተው ተደርጎ የሚዘጋጅ ነው። ጥርጣሬ ካለዎት መርፌውን ከማቆምዎ በፊት ሐኪምዎንም የሃይማኖት አባትዎንም ያማክሩ።

የገዛ ደማቸውን ለጥናት

ሎረንስ ስፖርት የለመዱ ሰው ነበሩ። ሕይወታቸው ሲመለስ እንደማንኛውም ሰው መንቀሳቀስ ፈለጉ። አንድ ጥያቄ ግን ነበር። አንድ ዓይነት መጠን ያለው ኢንሱሊን ተወግቶ ዕረፍት በሚያደርግ ሰውና ተወግቶ በሚንቀሳቀስ ሰው ላይ እኩል ይሠራል ወይ? ይህን ለማወቅ በራሳቸውና በታካሚዎቻቸው ላይ ሙከራ አደረጉ። መርፌ ተወግቶ አርፎ በመቀመጥና ተወግቶ እንቅስቃሴ በመሥራት የደም ስኳሩ በየሰዓቱ ይለካ ነበር። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1926 በእንግሊዝ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ አወጡ። ያው አንድ መጠን ያለው ኢንሱሊን ከእንቅስቃሴ ጋር ሲሆን የደም ስኳርን ይበልጥ ያወርዳል። ስለዚህ የሚንቀሳቀስ ሰው ወይ የኢንሱሊኑን መጠን መቀነስ ወይ ተጨማሪ ምግብ መብላት እንዳለበት አስተማሩ። ከመቶ ዓመት በኋላ እኛ ሐኪሞች ለታካሚዎቻችን የምንሰጠው ምክር ይኸው ነው።

እርሳቸው ያዩትን ነገር ምክንያቱን ዛሬ በተሻለ እናውቀዋለን። ስኳር ከደም ወጥቶ ወደ ጡንቻ የሚገባው በር ሲከፈትለት ነው። ኢንሱሊን ይህን በር ያስከፍታል። ጡንቻ ሲኮማተርና ሲፈታም፣ ማለትም ሲራመዱ ወይም ዕቃ ሲያነሱ፣ በሌላ መንገድ ያንኑ በር ያስከፍታል። ሁለቱ አብረው ሲመጡ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታልና ስኳር በፍጥነት ይገባል። እንቅስቃሴው ካለቀ በኋላም ጡንቻ የጨረሰውን ስንቅ መልሶ ስለሚሞላ ለ24 ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ 48 ሰዓት ለኢንሱሊን ቀልጣፋ ምላሽ ይሰጣል።

ታዲያ አደጋው የቱ ላይ ነው? ጤነኛ ሰው መራመድ ሲጀምር ቆሽቱ ወዲያው ኢንሱሊኑን ይቀንስና ግሉካጎኑን ከፍ ያደርጋል። ጉበቱም የጎደለውን ስኳር ይተካል። በመርፌ የገባ ኢንሱሊን ግን አንዴ ከገባ በኋላ ቀንስ ቢሉት አይሰማም። እርስዎ እየተራመዱ እርሱም እየሠራ ስኳሩ ቁልቁል ይወርዳል። ወደ ካራማራ መንገድ ላይ የሚወድቁት ታካሚዎቼ የሚገጥማቸው ይህ ነው።

የተቃራኒው አደጋም አለ። ኢንሱሊን ጨርሶ በሌለበት እንቅስቃሴ ብቻውን አያድንም። ጉበትን የሚከለክል ስለሌለ ስኳር ያለ ማቋረጥ ይለቃል። ሰውነት ስብ እያቃጠለ ኪቶን የተባለ አሲድ ያከማቻል። በዚህ ሁኔታ መሮጥ ስኳሩን ይበልጥ ሊያንረው፣ ደሙንም ሊመርዝ ይችላል። መርፌያቸውን ጥለው በእግር ጉዞ ብቻ የተማመኑት ታካሚዎቼ እያስመለሳቸው የሚመጡት ለዚህ ነው። አንድ በሬ ስቦ አንድ ሰው አስቦ አይሆንም እንዲሉ፣ ኢንሱሊንና እንቅስቃሴም አንዱ ያለ ሌላው አያርስም።

ታካሚን ማስተማር

ሎረንስ ከሌሎች የዘመናቸው ሐኪሞች የሚለያቸው እውቀቱን ለራሳቸው አለመያዛቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ሐኪምም ታካሚም ሊያነበው የሚችል ስለ ስኳር ሕመምተኛ ሕይወት የሚያወሳ መጽሐፍ አሳተሙ። ለብዙ ዓመታት ደጋግሞ ታተመ። በ1929 ደግሞ ለታካሚዎች ብቻ የተዘጋጀ የስኳር ሕመም ሀሁ የሚባል ዓይነት ቀላል መጽሐፍ ጻፉ። ምግብ በሚዛን የመለካትን ጣጣ የሚያቃልል የአመጋገብ ዘዴም ቀየሱ። በኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል የሚመሩት የስኳር ክሊኒክ እያደገ ከአገሪቱ ትልልቅ ክሊኒኮች አንዱ ሆነ። በአትላንቲክ ማዶም በቦስተን ከተማ ኤልዮት ጆስሊን የተባሉ ሐኪም ታካሚዎቻቸውን ምግብ፣ እንቅስቃሴና ኢንሱሊን አንድ ሠረገላ የሚስቡ ሦስት ፈረሶች ናቸው እያሉ ያስተምሩ ነበር።

ከሎረንስ ታካሚዎች አንዱ ታዋቂው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ ነበሩ። ሁለቱ ሰዎች ተባብረው እ.ኤ.አ. በ1934 የስኳር ሕመምተኞችን ማኅበር ለንደን ውስጥ መሠረቱ። ሀብታሙም ድሀውም ኢንሱሊን እንዲያገኝ፣ ታካሚዎችም እርስ በርስ እንዲማማሩ ዓላማ ያደረገ ነበር። ማኅበሩ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑት ሎረንስ ናቸው። በአገራችንም የኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1984 ተመሥርቶ በዚያው የመማማር መንገድ ይሄዳል።

ለእርስዎ ምን ይጠቅማል?

ሎረንስ የነበረባቸው ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት የሚያቆምበት ዓይነት የስኳር ሕመም ነው። በከተሞቻችን በብዛት የምናየው ሁለተኛው ዓይነት ግን ከዚህ ይለያል። ኢንሱሊን አለ፤ ጡንቻና ጉበት ግን ትእዛዙን በደንብ አይሰሙም። ከግመል ኋላ ቀኑን ሙሉ የሚጓዝ አርብቶ አደር ከተማ ገብቶ ሱቅ ሲቀመጥ፣ ምሳው ፓስታና ሩዝ፣ ሻዩ ስኳር የበዛበት፣ ከሰዓቱ በጫት ቤት በለስላሳ መጠጥ ሲያልፍ ጡንቻው ሥራ ይፈታል። እንቅስቃሴ ይህን የደነቆረ ጡንቻ እንደገና እንዲሰማ ያደርገዋል። ስለዚህ ለሁለቱም ዓይነት ታካሚዎች የሚከተለውን እመክራለሁ።

በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ያድርጉ። ለምሳሌ በቀን 30 ደቂቃ ለአምስት ቀን ይሆናል። የእንቅስቃሴው ጥቅም ከሁለት ቀን በላይ ስለማይዘልቅ በተከታታይ ከሁለት ቀን በላይ አያቋርጡ። ረጅም ጊዜ ከሌለዎት ከምሳና ከእራት በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መራመድ ብቻ ከምግብ በኋላ የሚንረውን ስኳር ያበርዳል። የጫት ሰዓትዎን በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥቶ በመንቀሳቀስ ይቆራርጡት፤ ቢተዉት ደግሞ የተሻለ ነው።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ከሆነ ከመውጣትዎ በፊት ስኳርዎን ይለኩ። ከ90 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ መጀመሪያ ቀለል ያለ ምግብ ይቅመሱ። ከ250 በላይ ሆኖ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ ወይም የሆድ ሕመም ካለ ደግሞ ጉዞው ይቅርና ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከመጠን በታች የመውረድ ዕድሉ አነስተኛ ነው።

በኪስዎ ሁልጊዜ ስኳር ወይም ከረሜላ ይያዙ። እጅዎ ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበዎት፣ ልብዎ ከመታ፣ ዓይንዎ ከደበዘዘ ወዲያው ይቁሙ። ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለዎት ይድገሙ። ከዚያ ምግብ ይብሉ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አያፍስሱ፤ ወደ ጤና ተቋም ያድርሱት። አብሮዎት የሚሄደው ሰው ይህን እንዲያውቅ ያድርጉ።

በእግርዎ ሊሄዱ ሲሉ ኢንሱሊኑን ጭንዎ ላይ አይውጉ፤ የሚሠራ ጡንቻ አጠገብ ያለ መድኃኒት ቶሎ ወደ ደም ይገባል። ሆድዎ ላይ መውጋት ይሻላል። ከሰዓት ብዙ ከተንቀሳቀሱ ስኳርዎ ሌሊት ሊወርድ ስለሚችል ከመተኛትዎ በፊት ይለኩ። እንቅስቃሴዎን ሲጨምሩ የመድኃኒት መጠኑ መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። ይህን ግን በራስዎ ሳይሆን የመዘገቡትን የስኳር ልኬት ይዘው ከሐኪምዎ ጋር ይወስኑ።

ረመዳን ሲቃረብ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ሐኪም ያማክሩ። ሁሉም የስኳር ታካሚ በደኅና መጾም አይችልም። የሚጾሙ ከሆነ ከኢፍጣር በፊት ባሉት የመጨረሻ ሰዓታት ከባድ እንቅስቃሴ አያድርጉ። ስኳርዎ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙን መፍታት ይኖርብዎታል። የተራዊሕ ሶላት ራሱ እንቅስቃሴ ነውና ይቁጠሩት።

እንደ ኤረር፣ ሽንሌና አይሻ ባሉ ቆላ ቦታዎች ሙቀት የኢንሱሊን ጠላት ነው። ፔፕታይድ በሙቀት ይበላሻልና መርፌው ተወግቶም ሥራ የማይሠራበት ጊዜ አለ። ያልተከፈተ ጠርሙስ በማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ በረዶ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በታች እስከ አራት ሳምንት ይቆያል። ማቀዝቀዣ ከሌለዎት ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጠው በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ ይሙሉ፤ ኢንሱሊኑን በላስቲክ ጠቅልለው በትንሹ ውስጥ ያኑሩት፤ አሸዋው እንዳይደርቅ ውኃ ያርከፍክፉ። ጥላ ያለው፣ ነፋስ የሚያገኝ ቦታ ይምረጡ።

ጫማ ሳያደርጉ አይራመዱ። ማታ ማታ የእግርዎን ጣቶችና መዳፍ በመስታወት ወይም በቤተሰብ ዓይን ያሳዩ። ነርቩ የተጎዳ እግር ሲቆስል አያምም፤ ብዙ እግር የሚቆረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

በመጨረሻም ስለ አዲሶቹ መርፌዎች ልበል። አንጀታችን ምግብ ሲደርሰው ጂኤልፒ 1 የሚባል ፔፕታይድ ይለቃል። ይህ ፔፕታይድ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያነቃቃል፣ ጥጋብም ያሳድራል። እርሱን መስለው የተሠሩ መድኃኒቶች ስኳርንም ክብደትንም ይቀንሳሉ። ነገር ግን ክብደት ሲቀንስ ጡንቻም አብሮ ሊያልቅ ስለሚችል ያለ እንቅስቃሴ ጥቅማቸው ጎዶሎ ነው። ለማቅጠኛ እየተባሉ ከሰው እጅ ወይም ከማኅበራዊ ሚዲያ የሚሸጡትን ፈጽሞ አይግዙ። ምን እንደያዙ፣ በምን ሙቀት እንደተጓዙ አይታወቅም።

አርባ አምስት ዓመት

ሎረንስ በ1928 ትዳር መሥርተው ሦስት ወንዶች ልጆች አፈሩ። ፊሬንዜ ውስጥ የሞታቸውን ቀን ይጠብቁ የነበሩት ሰው ከመጀመሪያው መርፌያቸው በኋላ 45 ዓመት ኖረው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 27 ቀን 1968 በ75 ዓመታቸው አረፉ። እነዚያን ዓመታት የሰጣቸው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊኑን በአግባቡ ለመጠቀም ያስቻላቸው ግን ምግባቸውን፣ መርፌያቸውንና እንቅስቃሴያቸውን አንድ ላይ እየለኩ መኖራቸው ነው።

ነገ ጠዋት ከሱብሒ ሶላት በኋላም ይሁን ከቤተ ክርስቲያን መልስ በእግርዎ ለመሄድ ሲነሡ ሦስት ነገር ራስዎን ይጠይቁ። መርፌዬን ስንት ሰዓት ወጋሁ? ምን በላሁ? ኪሴ ውስጥ ስኳር አለ ወይ? ሦስቱን ከመለሱ መንገዱ የእርስዎ ነው።

መልካም ጤንነት!